የተለጠፈ ዕንቁ

«ተለጣፊ» የሚለው ቃል በአገራችን መልካም ስም ኖሮት አያውቅም። ተለጣፊ ድርጅት፣ ተለጣፊ ማኅበር ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው፤ ትርጉሙም የራሱ እግር የሌለው፣ ሌላው ካልደገፈው የማይቆም ማለት ነው። በጓዳውም ቢሆን ነገሩ ያው ነው። የተሰፋ ልብስ እንለብሳለን፤ በተበየደ በር ተማምነን እንተኛለን፤ «ተለጥፎ ነው» ያሉን ዕቃ ላይ ግን ወዲያው ዋጋ እናስቀንሳለን። ጫማችን አፉን ሲከፍት ለሊስትሮው «ማስቲሽ ቀብተህ እንዳትሰጠኝ፣ ስፋልኝ!» የምንል ሰዎች ነን። መርፌና ክሩ፣ ምስማርና መዶሻው፣ የብየዳው እሳት በዐይን ስለሚታዩ ይሆናል የምናምናቸው። ማስቲሽ ሥራውን የሚሠራው ተደብቆ ነው፤ ተደብቆ የሚሠራን ደግሞ መቼ ወደን እናውቃለን?

ይህን ንቀታችንን እንደያዝን አንድ ዕቃ ፊት እንቁም፤ ዕንቁ ፊት። ወርቅ ቢሰበር እሳት ይመልሰዋል፤ ብርም እንዲሁ። ዕንቁ ግን አትበየድም፣ አትቀለጥም፣ በመዶሻ አትነካም። እሳት ካገኛት መልኳ ይጠፋል፣ ትሰነጠቃለች። ስለዚህ ሎቲ ወይም ቀለበት ላይ በአንድ እግሯ የቆመች ዕንቁ ስታዩ፣ የአንዲት ንግሥት ጆሮ ላይም ቢሆን፣ የያዛት በአብዛኛው ማስቲሽ መሆኑን ዕወቁት። በክር የሚሰካው የአንገት ዕንቁ ሌላ ጉዳይ ነው፤ የእሱ መድኃኒት ሐር ክርና በየመካከሉ የሚታሰር ቋጠሮ ስለሆነ እዚህ አንገባበትም።

ነገሩ እንዲህ የሆነው ዕንቁ ድንጋይ ስላልሆነች ነው። ኦይስተር የሚባለው ባለሁለት ክዳን የባሕር ፍጥረት በሥጋው ውስጥ የገባበትን ባዕድ ነገር በራሱ ፈሳሽ እየሸፈነ፣ ንብርብር በንብርብር ላይ እየደረበ የሚሠራት ናት። ንብርብሩ ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ በኖራ ድንጋይና በእንቁላል ቅርፊት ውስጥ ያለው ያው ነገር። እሱን የሚያያይዘው ደግሞ ፕሮቲንና ጥቂት ውሃ ነው። ባለሙያዎች ጥንካሬ በሚለኩበት ሚዛን አልማዝ 10 ሲያገኝ ዕንቁ ከ2.5 እስከ 4.5 ባለው ውስጥ ትውላለች። ኮምጣጣ ነገር ጠላቷ ነው፤ ሎሚም፣ አቼቶም፣ የሰው ላብም ሳይቀር ቀስ በቀስ ይበላታል። ክሊዮፓትራ ዕንቁዋን አቼቶ ውስጥ አሟሙታ ጠጣች ሲል ሮማዊው ፕሊኒ ጽፏል። በአንድ እራት ጊዜ ውስጥ መሟሟቷን እንጃ እንጂ ኬሚስትሪው ትክክል ነው። ሌላም ልብ በሉ፤ ዕንቁ ራሷ ከተፈጠረች ጀምሮ ልጥፍ ናት። ንብርብሮቿን አጋጥሞ የያዘው ፕሮቲን የባሕሩ ማስቲሽ አይደለምን?

ቋንቋችን «ዕንቁ» የሚለውን ስም ለባሕሯ ብቻ አይሰጥም። በዛሬው አማርኛ አልማዙም፣ ኤመራልዱም፣ ከወሎ ደላንታ የሚቆፈረው ኦፓልም ሁሉም «ዕንቁ» ነው። ግዕዙ ግን ይለያል፤ የባሕሯን ዕንቁ «ባሕርይ» ይላታል። አዎን፣ የሰውን ጠባይ፣ የነገርን ምንነት የምንጠራበት ያው «ባሕርይ»! ክብረ ነገሥትም ከአዳም ጀምሮ በዘር ሐረግ ሲተላለፍ ስለመጣ ባሕርይ ይተርካል። ይህን የማነሳው ግዕዝ ዐውቃለሁ ለማለት አይደለም፤ የቃሉ ሁለት ፊት ከዚህ በታች ለምተርከው ነገር ስለሚስማማኝ ነው።

አክስቴ ባሕሬን ዘጠኝ ዓመት ሠርታ የተመለሰች ሴት ናት። በመጨረሻው ዓመት የሦስት ወር ደመወዟ አልተከፈላትም ነበር፤ ወሩ 60 ዲናር፣ በድምሩ 180 ዲናር። ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ልትሄድ ሻንጣዋ በር ላይ ቆሞ ሳለ ማዳም አንዲት ትንሽ ሳጥን ይዛ መጣች። በውስጧ ሁለት ሎቲዎች ነበሩ፤ የወርቅ እግር፣ በላያቸው ሽምብራ የሚያህሉ ነጫጭ ዕንቁዎች። «ከእኛ ባሕር የወጡ ናቸው። የአያቴ ነበሩ። ከደመወዝሽ ይበልጣሉ» አለቻት። አክስቴ ቲኬቷን በአንድ እጇ፣ ሳጥኗን በሌላው ይዛ ወጣች። ምን ትበል? መኪናው ሞተሩ ተነሥቶ ይጠብቃል።

ከዚያ ወዲህ እነዚያ ሎቲዎች በቤታችን ውስጥ ሁለት ሥራ ነበራቸው። አንደኛ ለሠርግና ለጥምቀት ይደረጋሉ። ሁለተኛ የክፉ ቀን ጥሪት ናቸው። አክስቴ የሦስቱን ወር ሂሳብ በደብተር ጽፋ ያስቀመጠች ሰው ስለሆነች፣ ዕንቁዎቹ ከዚያ ደብተር ጋር አብረው በአንድ መሳቢያ ይኖራሉ። ባለፈው ዓመት በአንድ ዘመድ መልስ ላይ የቀኝ ጆሮዋ ዕንቁ ወለቀች፤ እግዜር ይስጣቸውና ሕፃናት ከጠረጴዛ ሥር አገኟት። የሰፈራችን ሞባይል ጠጋኝ በሱፐር ግሉ በአንድ ደቂቃ መልሶ ገተራትና ገንዘብም አልተቀበለም። ስምንት ወር ያህል ቆየች። እንደገና ስትወልቅ የልጇ የኮሌጅ ክፍያ ደርሶ ነበርና አክስቴ ለመሸጥ ቆረጠች። «መጀመሪያ ግን አስለጥፍልኝ የኔ ጌታ፤ ቀንዱ የወለቀ በሬ ገበያ አይወጣም» አለችኝ።

ይዣት የሄድኩት አንድ አዛውንት ወርቅ ሠሪ ዘንድ ነው። ከአርባ ዓመት በላይ ፒያሳ ሠርተዋል። በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ሲፈርስ የእሳቸውም ክፍል አብራ ሄደች፤ ዛሬ በልጃቸው ቤት በረንዳ ላይ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ መብራትና መሳቢያ ሙሉ መሣሪያ ይዘው ተቀምጠዋል። ደንበኛ በስልክ እየጠየቀ ያገኛቸዋል። የወለቀችውን ዕንቁ በወረንጦ አንሥተው፣ አጉሊ መነጽራቸውን ዐይናቸው ላይ ሰክተው ቀዳዳዋን ወደ መብራቱ አዞሩና ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ።

አንባቢ ሆይ፣ ቀዳዳዋን ለምን እንደሚያዩ እኔም ያን ቀን ነው የተረዳሁት። ዕንቁ ከላይ ስትታይ ሁሉም ቆንጆ ነው። ወልቃ ቀዳዳዋ ሲገለጥ ግን ባሕርይዋ ይታያል። አርቲፊሻል ከሆነች በቀዳዳው አፍ ዙሪያ ቀለሙ እንደ ጥፍር ቀለም ተልጦ ከሥሩ መስተዋት ወይም ፕላስቲክ ብቅ ይላል። የእርባታ ዕንቁ ከሆነች፣ ሰዎች ኦይስተሩ ውስጥ ያስገቡት ከሌላ ዛጎል የተቀረጸ እንክብል መሐል ላይ አለ፤ በዚያና በላዩ በተደረበው ንብርብር መካከል እንደ ፀጉር የቀጠነች ጠቆር ያለች መስመር ትታያለች። ንብርብሩ አንዳንዴ ግማሽ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። መስመር ከሌለ ደግሞ ወይ የተፈጥሮ ናት፣ ወይ እንክብል ሳይገባባት የምታድግ እንደ ቻይና የወንዝ ዕንቁ ያለች ናት፤ ያንን የሚለየው ኤክስሬይ ነው። ጥርስ ላይ ማሸት የሚባለው የሴቶች ዘዴ የሚለየው አርቲፊሻሏን ብቻ ነው። እውነተኛዋ እንደ ደቃቅ አሸዋ ትከረክራለች፤ የእርባታዋም ትከረክራለች።

«እህቴ» አሉ አዛውንቱ መነጽራቸውን ሳያወልቁ፣ «የውሸት አይደለም። የእርባታ ነው።»

«ከባሕር የወጣ ነው ብላኛለች» አለች አክስቴ።

«ከባሕርማ ወጥቷል። ሰው አስገብቶት ነው የወጣው።»

መነጽሩን ሰጡኝና እኔም አየሁ። መስመሯ ነበረች። ያልወለቀችውንም በብርሃን ፊት እያዟዟሩ አይተው መንትያዋ ናት አሉ። አክስቴ ዋጋውን ጠየቀች። እሳቸውም ሳያድበሰብሱ ነገሯት፤ ወርቁ ከዕንቁዎቹ ይሻላል፣ ሁለቱ ተደምረው ግን ሦስቱን ወር ቀርቶ አንዱን ወር አይሞሉም።

እዚህ ላይ ባሕሬን ስለምትባለው ደሴት ጥቂት ካላልኩ የነገሩ ምፀት አይገባም። ነዳጅ በ1932 እ.ኤ.አ. ከመገኘቱ በፊት የዚያች አገር እንጀራ ዕንቁ ነበር። በበጋ ወራት ጀልባዎች ወጥተው ወራት ባሕር ላይ ይቆያሉ። ጠላቂው አፍንጫውን በመቆንጠጫ ዘግቶ፣ እግሩን ድንጋይ ላይ አድርጎ ይወርዳል፤ ላይ የቀረው ገመድ ሳቢ ምልክት ሲሰጠው ይጎትተዋል፤ በቀን ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። ጠላቂው ከወቅቱ በፊት ከጀልባው አዛዥ ብድር ይወስዳል፤ ዓመቱ ሲያልቅ ሂሳቡ አይዘጋም፤ ዕዳው ከዓመት ዓመት፣ አንዳንዴም ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። ከጠላቂዎቹ መካከል ከምሥራቅ አፍሪካ የተሸጡ ባሮችም ነበሩ። በቀይ ባሕር የዳህላክ ደሴቶች ዕንቁም የሚለቀመው በተመሳሳይ ድካም ነበር። በ1920ዎቹ ባሕሬን ላይ በተደረገው ለውጥ እያንዳንዱ ጠላቂ የራሱ የሂሳብ ደብተር እንዲኖረው ተደነገገ። አስቡት፤ የዕዳ መድኃኒት ተብሎ የመጣው ደብተር ነበር!

ያንን ሁሉ ያፈረሰው ደግሞ እርባታው ነው። ጃፓናዊው ኮኪቺ ሚኪሞቶ በ1893 እ.ኤ.አ. ግማሽ ክብ ዕንቁ በእርባታ ማግኘት ቻለ፤ በ1920ዎቹ ሙሉ ክብ የሆኑት የጃፓን ዕንቁዎች የዓለምን ገበያ አጥለቀለቁት። ከ1929ኙ የኢኮኖሚ ቀውስ ጋር ተደምሮ የባሕረ ሰላጤው ዕንቁ ንግድ ወደቀ። ባሕሬን ለቀድሞ ክብሯ ስትል የእርባታ ዕንቁ እንዳይነገድ በሕግ ከለከለች፤ በሙሐረቅ ከተማ ያለው የዕንቁ ዘመን ቅርስም በ2012 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ መዝገብ ገብቷል። እንግዲህ አክስቴ በዚያች አገር፣ ከዚያች አገር ሴት እጅ፣ «ከእኛ ባሕር» ተብላ የተቀበለችው አገሩ በሕግ እንዳይሸጥ የከለከለውን ዓይነት ነው። ማዳም አውቃ ይሁን ራሷም ተታልላ አልፈርድም። ያልከፈለችውን ደመወዝ ግን ታውቀዋለች።

አክስቴ ለትንሽ ጊዜ ዝም ብላ ጣቶቿን ስትቆጥር ቆየችና፣ «ታዲያ ይለጠፋል አይለጠፍም?» አለች።

አዛውንቱ ሳቁ። ሥራ ተጀመረ።

መጀመሪያ የሞባይል ጠጋኙን ሥራ ኮነኑ፤ ልጁን ግን አልኮነኑም። ሱፐር ግሉ መጥፎ ማስቲሽ አይደለም፤ ቦታው እዚህ አይደለም። በሴኮንዶች ይይዛል፤ ሲደርቅ ግን እንደ መስተዋት ደረቅ ነው፤ ድንገት ሲመታ ይሰነጠቃል። ሎቲ ደግሞ ሥራው ሁሉ መመታት ነው፤ በነጠላ ይያዛል፣ በስልክ ይገጫል፣ ከእጅ ወድቆ መታጠቢያ ውስጥ ይንከባለላል። ሱፐር ግሉ ክፍተት መሙላትም አይችልበትም፤ የዕንቁ ቀዳዳና የወርቁ ሽቦ ደግሞ ልክ ለልክ አይሆኑም። ላብና እርጥበትም ያዳክሙታል። በዚያ ላይ ትነቱ ዕንቁዋ ላይ ነጭ ጉም መሰል ነገር ጥሎባት ነበር። የሊስትሮው ማስቲሽስ? ብዬ ጠየቅኋቸው። ያ ደግሞ እንደ ጎማ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል አሉ፤ ዕንቁዋ ላዩ ላይ እየተወዛወዘች ትኖርና አንድ ቀን ትሄዳለች።

ከሁሉ ረጅሙ ሥራ ማጽዳት ነው። ሰው የሚሰንፈው እዚህ ላይ ነው ይላሉ፤ በአሮጌ ማስቲሽ ላይ አዲስ ማስቲሽ መቀባት በቆሻሻ ግድግዳ ላይ ቀለም እንደመቀባት ነው። የወርቁን እግር ለብቻው አሴቶን ውስጥ ነከሩት። ዕንቁዋን ግን አሴቶን ውስጥ ማስገባት ነውር ነው፤ ፕሮቲኗን ያደርቀዋል፣ ብርሃኗን ይነሣታል። ቀዳዳውን ያጸዱት በቀጭን መሰርሰሪያ ነው፤ በሞተር አይደለም፣ በሁለት ጣታቸው እያሽከረከሩ፣ የአሮጌውን ማስቲሽ ትቢያ እያራገፉ። ይህ ብቻ ግማሽ ሰዓት ፈጀ። ቀዳዳው ከግማሽ በላይ ገባ ያለ መሆን አለበት፤ አጭር ከሆነ ዕንቁዋ በአፏ ብቻ ተይዛ ትቀራለች።

ቀጥሎ ሽቦው። የፋብሪካው ሽቦ ልሙጥ ነበር። ማስቲሽ ልሙጥ ነገር አይወድም። በትንሽ ሞረድ ዙሪያውን ጫር ጫር አደረጉት፤ ከላይ እስከ ታችም አንድ ቀጭን ቦይ አወጡለት። ቦዩ ያልጠበቅሁት ነገር ነበር። ምክንያቱ እንዲህ ነው፤ ቀዳዳው ዝግ ጉድጓድ ስለሆነ ሽቦው ማስቲሽ ይዞ ሲገባ አየሩ መውጫ ያጣል፤ ታምቆ ቆይቶ ዕንቁዋን በቀስታ ወደ ላይ ይገፋታል። ሰው «በደንብ ገጥሜ ነበር፣ ጠዋት ከፍ ብላ አገኘኋት» የሚለው ለዚህ ነው። አየሩም ትርፉ ማስቲሽም በቦዩ ይወጣሉ። ከዚያ ሽቦውን በአልኮል ጠረጉትና ከዚህ በኋላ በጣት እንዳይነካ አሉ፤ የጣት ቅባት ለማስቲሽ እንደ ሳሙና ነው። በደረቁ ገጥመውም አዩት። ዕንቁዋ የወርቁ ጽዋ ላይ ሳትንጋደድ ተቀመጠች።

ማስቲሹ ባለሁለት ቱቦው ኤፖክሲ ነው፤ አንዱ ሙጫው፣ ሌላው ማጠንከሪያው። እኩል እኩል በሸክላ ሳህን ስባሪ ላይ አውጥተው በስቴኪኒ አንድ ደቂቃ ያህል አሹት። እኩል ካልሆነ ወይም በደንብ ካልታሸ ለዘላለም እንዳጣበቀ ይቀራል። ባለ አምስት ደቂቃውንም ገበያ ላይ ታገኙታላችሁ፤ ባለ ሃያ አራት ሰዓቱ ግን ይበልጣል አሉኝ። በአጠቃላይ ቀስ ብሎ የሚደርቀው ጠንክሮ ይይዛል፤ ለማስተካከልም ጊዜ ይሰጣል። በስቴኪኒው ጫፍ ትንሽ ወደ ቀዳዳው፣ ትንሽ ወደ ሽቦው፤ ከዚያ ዕንቁዋን እያዞሩ ቀስ ብለው ወደ ታች ሰደዷት። በግርጌዋ ዙሪያ ብቅ ያለችውን ጠብታ አልኮል በትንሹ በነካ ጥጥ ወዲያው ጠረጉ። ከደረቀ በኋላ በምላጭ እፍቃለሁ የሚል ዕንቁዋን ይፍቃታል።

ሎቲዋን ሩዝ በሞላ ስኒ ውስጥ ቀጥ አድርገው አቆሟት። «ነሐሴ ነው፤ ብርዱ ያዘገየዋል፤ ሁለት ቀን አትንኳት» አሉ። ለማፋጠን ብሎ ምድጃ አጠገብ ወይም መብራት ሥር ማስጠጋት የለም፤ ሙቀቱ ማስቲሹን ቢጠቅም ዕንቁዋን ይጎዳል። አክስቴ የግራዋን ሎቲ አውጥታ «ይቺንም አብራችሁ ብታጠነክሯት?» አለች። አዛውንቱ ዕንቁዋን በጣታቸው ገፋ፣ ጠምዘዝ አድርገው መለሱላት። አልላላችም፤ የያዘን ለመንቀል መታገል ዕንቁዋን መስበር ነው።

አያያዟንም ነገሯት፤ ሽቶና የፀጉር ስፕሬይ ቀድሞ፣ ሎቲ በመጨረሻ። በረኪና ባለበት እጅ አትነኪያት። ስታወልቂያት በለስላሳ ጨርቅ ጥረጊያት፤ ፌስታል ውስጥ ጠቅልለሽ አትቆልፊባት፣ ትደርቃለች። አክስቴ ዘጠኝ ዓመት የሰው ቤት በበረኪና ስታጥብ የኖረች ሴት ናትና ፈገግ አለች።

ለሥራው 300 ብር ከፈልን። የኮሌጁን ክፍያ አክስቴ ከዕቁቧ ሸፈነችው፤ ዕጣ ቀድሞ እንዲደርሳት ለማስለወጥ ሁለት ቀን ሰው ስትለምን ዋለች።

በሦስተኛው ቀን ሎቲዋን ከስኒው አውጥታ፣ ሩዙን አራግፋ፣ ዕንቁዋን በሁለት ጣቷ ይዛ ጎተተቻት። ከዚያም ጠመዘዘቻት። ሁለቱንም ጆሮዋ ላይ አደረገችና መሳቢያውን ከፍታ ደብተሯን አወጣች፤ ጽሕፈቴ ይሻላል ብላ እስክሪብቶውን ለእኔ ሰጠችኝ። ሦስቱ ወሮች በስማቸው ተጽፈው፣ ከሥራቸው 180 የሚል ድምር አለ። አዛውንቱ የተናገሩትን ዋጋ በራሷ ስሌት ወደ ዲናር መንዝራ 40 ቀንስ አለችኝ። ቀነስኩ። ቀሪ 140 ብዬ ጻፍኩና ደብተሩን ልዘጋ ስል እጄን ያዘችኝ።

«የማስለጠፊያውን ጨምርበት እንጂ» አለች።